የፋይናል ፋይት የቤት ቅጂዎች፦ ግርግሩ የት ሄደ?

የሰፈር_ሀጋር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት ሳስበው የኖርኩትን አንድ ጥያቄ ላንሳ ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፋይናል ፋይትን ለማታውቁ በአጭሩ፦ ካፕኮም የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1989 ያወጣው የአርኬድ ጌም ነው፣ ማለትም ሱቅና አዳራሽ ውስጥ በቆመ ማሽን ላይ ሳንቲም እየከተትክ የምትጫወተው። ሜትሮ ሲቲ የምትባል ከተማ አለች። ከንቲባዋ ማይክ ሀጋር ድሮ የነጻ ትግል ተጫዋች ነበር። ማድ ጊር የሚባል የወሮበላ ቡድን ልጁን ጄሲካን ይጠልፍበታል። ከንቲባው ፖሊስ አይጠራም። ሸሚዙን አውልቆ ራሱ መንገድ ላይ ይወጣል። የልጅቷ ፍቅረኛ ኮዲና ጓደኛው ጋይ አብረውት ይወጣሉ። ከሦስቱ አንዱን ትመርጣለህ። ወደ ቀኝ እየሄድክ የመጣብህን ሁሉ ትደበድባለህ።

ያደግኩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ በሳንቲም የሚሠራ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትሄድ እኔና ታላቅ ወንድሜ እንከተላት ነበር። ማሽኑ ጥግ ላይ ነበር የሚቆመው። ከማጠቢያው የተረፈችው ኳርተር የእኛ ናት። እሱ ኮዲ፣ እኔ ሀጋር። ልብሱ እስኪደርቅ ከሁለተኛው ሌቨል አልፈን አናውቅም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ ነበር የምናወራው።

በኋላ አባታችን ቤት ውስጥ ቲቪ ላይ የሚሰካውን የጌም ማሽን፣ ሱፐር ኒንቴንዶን፣ ከነፋይናል ፋይት ካሴቱ ገዛልን። ያን ቀን አልረሳውም። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰካን፣ ምንም የለም። ነቀልነው፣ ሰካነው፣ እፍ አልንበት። ለካ ጌሙ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጋይም የለም። ሮለንቶ የሚባለው ጠላት ያለበት የፋብሪካው ሌቨልም ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ወንድሜ ተራ እየጠበቀ ትንሽ ተጫወተና ትቶት ወደ ኳስ ሄደ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከጠፉት ነገሮች ሁሉ ዋናው የቱ ነው? እኔ መልስ አለኝ። መጀመሪያ የእናንተን ልስማ።

ጋይ_ብቻ፦

ጋይ ነዋ! ከሦስቱ ፈጣኑ እሱ ነው። ግድግዳ ረግጦ የሚዘለው እሱ ብቻ ነው። እሱን አውጥቶ ጌሙን መሸጥ ምን ይባላል?

ካፕኮምም ሳይገባው አልቀረም። በ1992 ጃፓን ውስጥ ፋይናል ፋይት ጋይ የሚል ሌላ ካሴት አወጡ። ግን ጋይን ሲያስገቡ ኮዲን አወጡት። ሁለተኛ ተጫዋች አሁንም የለም። ፋብሪካውም የለም። ሦስቱን ሰዎች ለማግኘት ሁለት ካሴት መግዛት አለብህ ማለት ነው።

ሰሌዳ_አንባቢ፦

ለሱፐር ኒንቴንዶው ጠበቃ ልቁምለት።

መጀመሪያ ቀኑን እንይ። ማሽኑ ጃፓን ውስጥ የወጣው ኖቬምበር 1990 ነው። ፋይናል ፋይት ዲሴምበር 1990 ወጣ። አንድ ወር! ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች ማሽኑን ገና እየተማሩት ነበር። ካሴቱ 8 ሜጋቢት ነው፣ ማለትም 1 ሜጋባይት። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። የካሴት ቺፕ ያኔ ውድ ነበር፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ጋይና ፋብሪካው የወጡት ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር ትንሽ ጠለቅ ይላል፣ ታገሡኝ። ሱፐር ኒንቴንዶ በአንድ አግድም መስመር ላይ የሚሥለው ተንቀሳቃሽ ምስል ገደብ አለው። 8 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ስፋት ያላቸው 34 ቁራጮች ብቻ። ሲባዛ 272 ፒክሰል ይሆናል። የስክሪኑ ስፋት 256 ነው። ለአውሮፕላን ጌም ይህ ይበቃል፣ አውሮፕላኖቹ ላይና ታች ተበታትነው ነው የሚበሩት። እዚህ ግን ሁሉም ሰው አንድ አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቆመው። ሁሉም ደግሞ ግዙፍ ነው። ጥቂት ሰው አንድ መስመር ላይ ከተሰለፈ ገደቡ ሞላ። የተረፈው ይብለጨለጫል ወይም ግማሽ አካሉ ይጠፋል።

የአርኬዱ ሰሌዳ ሲፒኤስ-1 ግን ለዚህ ዓይነት ሥራ የተሠራ ነው። ስክሪኑ 384 ፒክሰል ይሰፋል። ሥዕሉን ከሮሙ (ጌሙ ከተጻፈበት ቺፕ) በቀጥታ እያነሳ ይሥላል። ሱፐር ኒንቴንዶ መጀመሪያ ወደ 64 ኪሎባይት የሥዕል ሜሞሪ መገልበጥ አለበት። ለመገልበጥ የሚያገኘው ጊዜ ደግሞ ስክሪኑ አንዱን ሥዕል ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ያለችው ቅጽበት ናት። እያንዳንዱ ሰው ቡጢውን ሲዘረጋ አዲስ ሥዕል ነው። ሀጋር ላይ ሦስት ጠላት ጨምርና አስበው።

ስለዚህ ሰነፎች ነበሩ የሚለውን አልቀበልም። ሥዕሉን ትልቅ አድርገው፣ ቀለሙን ጠብቀው፣ ያንን ሙዚቃ ይዘው በዚያ አንድ ሜጋባይት ውስጥ መክተታቸው ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው።

አሚጋ_ፍራንክፈርት፦

እኔ ደግሞ አርኬዱን ሳላየው ነው ያደግኩት። ጀርመን ውስጥ በ1985 የወጣው የወጣቶች ጥበቃ ሕግ ልጆችን ከሳንቲም ጌም ማሽኖች አርቆ ነበር። ማሽኖቹ ያሉት ከ18 ዓመት በታች የማይገባበት አዳራሽ ነው። እኛ በውጭ በኩል በበሩ ክፍተት የሚሰማውን ድምፅ ብቻ ነው የምናውቀው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ለእኛ ሁሉም ነገር ነበር።

ዩኤስ ጎልድ የሚባል ኩባንያ በ1991 ፋይናል ፋይትን ለቤት ኮምፒውተሮች፣ ለአሚጋ፣ ለአታሪ ኤስቲ፣ ለኮሞዶር 64፣ ለዜድኤክስ ስፔክትረምና ለአምስትራድ አወጣው። የአሚጋውን የሠራው ሪቻርድ አፕሊን ነው። ሰዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሥዕሉም ደስ ይላል። ስትጫወት ግን ሙዚቃ የለም። የቡጢ ድምፅ፣ የወደቀ ሰው ጩኸት፣ ከዚያ ዝም። ጆይስቲኩ ደግሞ ባለ አንድ ቁልፍ ነው። አርኬዱ ለመምታት አንድ፣ ለመዝለል ሌላ ቁልፍ ነበረው። ይህን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ስታደርገው እጅህ ይተሳሰራል።

ግን ስሙኝ። ሦስቱም ሰዎች አሉ። ሁለት ሆነህ ትጫወታለህ። የአክስቴ ልጅ ከኢትዮጵያ መጥቶ እኛ ቤት የተቀመጠ ሰሞን ጀርመንኛ አይችልም፣ እኔ አማርኛዬ ደካማ ነበር። አሚጋው ፊት ስንቀመጥ ግን እንግባባ ነበር። «ያዘው!»፣ «ከኋላህ!»፣ «ዶሮዋን አንተ ብላት!» እነዚህን ቃላት ያኔ ነው በደንብ የተማርኳቸው። በርሜል ስትሰብር ምግብ ይወጣል፣ የበላ ነፍሱ ይሞላለታል። ማን ይብላ የሚለውን እየተነጋገርን ነው የተዋወቅነው።

ስለዚህ የእኔ መልስ ሁለተኛው ተጫዋች ነው። ሙዚቃም ይቅር፣ ሥዕልም ይቅር።

ሚሚ_ፒክስል፦

በሲዲ የሚሠራውን የሴጋ የቤት ማሽን፣ የሜጋ ሲዲውን ቅጂ ማንም አላነሳም? ሴጋ ራሱ በ1993 የሠራውን? ሦስቱ ሰዎች፣ ሁለት ተጫዋች፣ ፋብሪካውን ጨምሮ ሁሉም ሌቨል አለበት። ሙዚቃው እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲዲ ላይ ገብቷል። ባሱን በጥሩ ስፒከር ስሙትና ንገሩኝ። ሰዓት እየተቆጠረብህ የምትደባደብበት ተጨማሪ ጨዋታም አለው።

ጉድለቱን አልክድም። የሴጋው ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 64 ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ፊታቸው ጠቆር፣ ከተማዋ ደብዘዝ ይላል። በየመሃሉም ሲዲው እስኪነበብ ትጠብቃለህ። ግን በጊዜው ሳሎን ውስጥ ልታገኘው የምትችለው ሙሉ ፋይናል ፋይት ይህ ነበር። የሻርፕ ኤክስ68000 ቅጂ (1992) ምናልባት ለአርኬዱ ይበልጥ ይቀርባል። እሱ ግን ጃፓን ውስጥ ብቻ የሚሸጥ ውድ ኮምፒውተር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ስለሚያሳዝነኝ። ወደ አሜሪካ የመጣው የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት ላይ ሴቶቹ ጠላቶች ፖይዝንና ሮክሲ የሉም። በእነሱ ቦታ ቢሊና ሲድ የሚባሉ ወንዶች ገብተዋል። ግልብጥ ብለው የሚመቱት አመታት ያው ነው፣ መልኩ ብቻ ተቀየረ። የመጀመሪያው ቦስ (ሌቨሉ መጨረሻ ላይ የሚጠብቅህ ዋና ጠላት) ዳምድ «ትራሸር» ተባለ። ሁለተኛው ሶዶም «ካታና» ተባለ። መኪና የምትሰብርበት ቦነስ ላይ ባለቤቱ መጥቶ «ኦ ማይ ጋድ!» ይል የነበረው «ኦ ማይ ካር!» ሆነ። ልጅ ሆኜ አርኬዱንና ካሴቱን ሁለቱንም አይቻለሁ። ፖይዝን የት ሄደች ብዬ ሌቨሉን ደጋግሜ ፈልጌያታለሁ።

አሚጋ_ፍራንክፈርት፦

ሚሚ፣ ሶዶም የጀርመን ሜታል ባንድም ስም ነው። የጠላቶቹ ስም ብዙው ከሮክ የመጣ ነው። አክስልና ስላሽን ብቻ ብታዪ ጋንስ ኤን ሮዝስ ናቸው።

የሰፈር_ሀጋር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የእኔን ልንገራችሁ። ወንድሜን ያጣሁበት ካሴት ስለሆነ ሁለተኛው ተጫዋች ነው እንድል ትጠብቁ ይሆናል። ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማምነው። ባለፈው ክረምት ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ተጫወትኩ። አንድ ሰዓት አርኬዱን፣ አንድ ሰዓት ሱፐር ኒንቴንዶውን፣ ሁለቱንም ብቻዬን፣ ሁለቱንም በሀጋር። ብቻዬን ሆኜም አንድ ዓይነት አልሆኑም።

ለምን እንደሆነ መቁጠር ጀመርኩ። ካሴቱ ላይ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ጠላት አይመጣብኝም። አርኬዱ ላይ ግን ሰባትና ስምንት ሆነው ይከቡኛል።

ልዩነቱ የብዛት ብቻ አይደለም። ሀጋር የተሠራው ለመወርወር ነው። ወደ ሰውየው ጠጋ ስትል ይይዘዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ትወረውረዋለህ። የተወረወረው ሰው ሲበር መንገዱ ላይ ያሉትን ሁሉ ይጥላቸዋል። አራት ሰው በአንድ ጊዜ መሬት ይነካል። ስለዚህ አርኬዱ ላይ ሁልጊዜ የምታስበው ማንን ልምታ ብለህ ሳይሆን ማንን በማን ላይ ልወርውር ብለህ ነው። ዞር ትላለህ፣ ትንሽ ታፈገፍጋለህ፣ ሁሉም በአንድ በኩል እስኪሰበሰቡልህ ትጠብቃለህ። እንደ እረኛ ነው የምትሆነው። ሰብስበህ፣ አሰልፈህ፣ አንዱን አንስተህ በቀሩት ላይ።

ሦስት ጠላት ብቻ ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። አንዱን ይዘህ በአንዱ ላይ ትወረውራለህ፣ አንድ ይተርፋል። ያንኑ በቡጢም ትጨርሰዋለህ።

ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን ያለውንም እዩት። ሀጋር ክንዶቹን ዘርግቶ ይሽከረከራል፣ ዙሪያውን ያለ ሰው ሁሉ ይወድቃል። ግን ከራስህ ነፍስ ይቀነስብሃል። አርኬዱ ላይ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው። ስምንት ሰው ከቦህ አንዱ ከኋላ ቢላ ይዞ ሲመጣ ትከፍላለህ፣ ግድ ነው። ሦስት ሰው ከቦህ ለምን ትከፍላለህ? እኔ ካሴቱ ላይ ያንን ምት ረስቼው ነበር። አስፈልጎኝ ስለማያውቅ ነው።

ሰሌዳ_አንባቢ እንዳለው ምክንያቱ የማሽኑ ገደብ ነው፣ ተቀብያለሁ። ያን ሁሉ ጠላት መጀመሪያ ያመጡት ሳንቲማችንን ለመብላት መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ሠሪዎቹ ለዚያ ግርግር መልስ እንዲሆን መወርወርን ሰጡን። ግርግሩ ሲወጣ መወርወር ትርጉም አጣ። ለዚህ ነው ካሴቱ ላይ ሀጋር ዘገምተኛና ከባድ ብቻ ሆኖ የሚሰማው። ያ ሰውዬ የተሠራው ለሕዝብ መሃል ነው።

ሰሌዳ_አንባቢ፦

ይህን በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ተሸንፌአለሁ ማለት ባልፈልግም ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ።

ይህንንም ጨምርበት፣ ለአንተ የሚጠቅም ነው። በ1993 ፋይናል ፋይት 2 በዚያው በሱፐር ኒንቴንዶ ላይ ወጣ፤ ሁለት ሰው ያጫውታል። ማሽኑ አልተቀየረም። ሰዎቹ ማሽኑን ተማሩት። ሴጋ ደግሞ በ1991 ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ የሚባለውን ተመሳሳይ የድብድብ ጌም ለራሱ የቤት ማሽን ለሜጋ ድራይቭ ሲሠራ ሰዎቹን አነስ አደረጋቸው። መልካቸው እንደ ፋይናል ፋይት አያስደነግጥም። ግን ሁለት ተጫዋችና ብዙ ጠላት ያለ ችግር አንድ ስክሪን ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ካፕኮም ሥዕሉን መረጠ፣ ሴጋ ሰዉን መረጠ። በ1990 የሱቅ መስኮት ላይ የሚሸጠው ሥዕሉ ነበር።

ጋይ_ብቻ፦

እኔ አሁንም ጋይ እላለሁ። 

ፒያሳ_ኪቦርድ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሁላችሁም ታናሽ ሳልሆን አልቀርም። አዲስ አበባ ነኝ። ማሽኑንም ካሴቱንም በዓይኔ አላየሁም። 2000ዎቹ ውስጥ አጎቴ ሲዲ ላይ የተጻፈ ኢሙሌተር (የድሮ ጌም ማሽን አስመስሎ ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም) አመጣልን፣ ፋይናል ፋይት እዚያ ውስጥ ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ልጅ። እኔ በቀስቶቹ በኩል፣ ጎረቤታችን በግራ በኩል። ጀርባችን ተጣብቆ ነው የምንጫወተው። ሳንቲም የሚባል ነገር የለም፣ አንዱን ቁልፍ ስትነካ ሳንቲም ይገባልሃል። ጨርሰነዋል፣ ብዙ ጊዜ። ያ የመጨረሻው ቦስ ቤልገር በመስኮት ሲወረወር አብረን እንጮህ ነበር።

ጋሼ የሰፈር ሀጋር፣ የወንድምዎን ነገር ሳነብ ልቤን ነካኝ። እኛ ሳናውቀው ትልቁን ነገር አግኝተን ነበር ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለታችንም ብዙ ቁልፍ ስንጫን ኪቦርዱ ዝም ይል ነበር። እኔ ልዝለል ስል ጓደኛዬ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ደክሞ ነው እንል ነበር። ምን ነበር?

ሰሌዳ_አንባቢ፦

ኮምፒውተሩ አልደከመም። ርካሽ ኪቦርድ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም። ቁልፎቹ በረድፍና በአምድ በተዘረጉ ሽቦዎች መገናኛ ላይ ነው የተቀመጡት። ሁለት ቁልፍ ቢጫኑ ችግር የለም። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን አንዳንዶቹ ተደራርበው የትኛው እንደተጫነ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ተጨማሪውን ጨርሶ አይቀበልም። ሁለት ሰው በአንድ ኪቦርድ ሲደባደብ ይህ የግድ ይመጣል። ዛሬ አንድ የዩኤስቢ ጆይስቲክ ለአንዳችሁ ብትገዙ ያልፍላችኋል።

ሚሚ_ፒክስል፦

ታዲያ ዛሬ የትኛውን እንጫወት? እኔ የማውቀው የ2001ዱን የጌምቦይ አድቫንስ ፋይናል ፋይት ዋን ነው። ሦስቱም አሉ፣ ፋብሪካውም ተመልሷል። ብዙ ጠላት እየደበደብክ ስትሄድ ስትሪት ፋይተር አልፋ ከሚባለው ሌላ የካፕኮም ጌም የመጡት ኮዲና ጋይ ይከፈቱልሃል። በኬብል ሁለት ሆነህ ትጫወታለህ፣ ካሴቱ ግን ለእያንዳንዳችሁ ያስፈልጋል። ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ በአውቶቡስ ጉዞ ላይ ግን ወድጄዋለሁ።

የሰፈር_ሀጋር፦

ሚሚ፣ ዛሬ ገልብጦ መሥራት ቀርቷል፤ አርኬዱን ራሱን ነው የሚሸጡልሽ። በ2010 ፋይናል ፋይት ደብል ኢምፓክት የሚባል ለፕሌይስቴሽን 3ና ለኤክስቦክስ 360 ወጣ፣ በኢንተርኔት ሁለት ሆነህ የምትጫወትበት። በ2018 ደግሞ ካፕኮም ቢት ኤም አፕ በንድል መጣ፣ ሰባት ጌም አንድ ላይ። ካፕቴን ኮማንዶም ናይትስ ኦፍ ዘ ራውንድም እዚያ አሉ። ለስዊች፣ ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኮምፒውተር ይገኛል። እኔ የምጫወተው እሱን ነው። ወንድሜ አሁን ሲያትል ነው፣ እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ። እሁድ ማታ ልጆቹ ሲተኙለት ይደውልልኛል።

ጋይ_ብቻ፦

ለማንኛውም ኮዲ ወይም ጋይ የምትይዙ ሰዎች ይህን ተለማመዱ። አርኬዱ ላይ ይሠራል። ጠላቱን ሁለቴ በቡጢ ምቱት። ወዲያው ፊታችሁን ወደ ኋላ አዙሩና አየሩን አንዴ ምቱ። ተመልሳችሁ እንደገና ሁለቴ። የቡጢው ቆጠራ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሰውየው አይወድቅም፣ እዚያው ቆሞ ይመታል። ጣታችሁ እስኪለምድ ሳምንት ይፈጃል። ከለመደ በኋላ ያ ግዙፉ ጠላት አንዶሬ ራሱ ምንም አያደርጋችሁም። ለሀጋር ግን አይሆንም፣ እሱ ይወርውር።

ፒያሳ_ኪቦርድ፦

ሞከርኩት። አንዴ ተሳካልኝ፣ ከዚያ ከኋላ የመጣው ባለ ቢላ ወጋኝ።

ጋሼ፣ የመወርወሩንም ሞከርኩ። ሁልጊዜ ኮዲን ነበር የምይዘው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሀጋርን ያዝኩ። የምድር ባቡሩ ውስጥ አፈግፍጌ እስኪሰበሰቡ ጠበቅኩና አንዱን ወረወርኩት። አምስቱም ወደቁ። ያን ጎረቤቴን ደውዬ ነገርኩት፣ አሁን አዳማ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ይመጣል። ሁለተኛ ጆይስቲክ ፍለጋ ወጥቻለሁ።